የሚሰብክ ማሽን፣ የሚጾም ሰው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሮቦቶችና በራሳቸው ስለሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎች ነው። ፋብሪካና ሆስፒታል ውስጥ ስለሚሠሩት ብዙ ሰምታችኋል። ዛሬ የምናነሣው ቤተ መቅደስ፣ ምኩራብ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ስለገቡት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የዘመናችን ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ ሄሮን የሚባል መሐንዲስ ለቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚሆን አንድ መሣሪያ አሠራሩን ጽፎ ትቶልናል። ዕቃው ከላይ ቀዳዳ ያለው ጋን መሰል ነገር ነው። ለመንጻት የመጣው ሰው ባለ 5 ድራክማ ሳንቲም በቀዳዳው ይጥላል። ሳንቲሙ ውስጥ ባለው ዘንግ አንድ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ያ ጫፍ በክብደቱ ሲዘቀዝቅ ሌላኛው ከፍ ይልና የውሃውን ውታፍ ይነቅላል። ሳንቲሙ ተንሸራቶ እስኪወድቅ ድረስ ጥቂት ውሃ ይፈሳል፤ ከዚያ ዘንጉ ይመለስና ውታፉ ቦታውን ይይዛል። ሳንቲም ተቀብሎ ለስላሳ የሚሸጠው የዛሬው ማሽን የዘር ሐረጉ ሲቆጠር እዚህ ድረስ ይደርሳል። ይህ መሣሪያ የሰውን ጸሎት አልተካም። የተካው ውሃ የሚያድለውን ሰው እጅ ብቻ ነው።

ከ1,500 ዓመት ገደማ በኋላ በስፔን የተሠራው ግን ከዚህ አልፎ ሄደ። በ1562 የንጉሥ ፊልጶስ ዳግማዊ ልጅ ዶን ካርሎስ በአልካላ ከተማ ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሞች ተስፋ ወደ መቁረጡ ሲደርሱ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያረፈው የፍራንሲስካኑ መነኩሴ የዲዬጎ አስከሬን ከልዑሉ አልጋ ዘንድ ቀረበ። ልዑሉ ዳነ። ንጉሡም ለዚህ ምሕረት ምስጋና እንዲሆን የቤተ መንግሥቱን ሰዓት ሠሪ ሁዋኔሎ ቱሪያኖን የሚጸልይ መነኩሴ እንዲሠራ አዘዘው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። የተሠራው መነኩሴ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነቱ ከእንጨት ተቀርጿል፤ ከቀሚሱ ሥር የብረት ማርሾችና በቁልፍ የሚጠመዘዝ ሞላ አሉት። ሞላው ሲሞላ መነኩሴው መሄድ ይጀምራል። ቀኝ እጁ ደረቱን ይደቃል፤ ግራ እጁ መስቀልና መቁጠሪያ ይዞ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይኑ ይንከራተታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አልፎ አልፎም መስቀሉን ወደ አፉ አስጠግቶ ይሳለማል። ትንሽ ሄዶ ይዞራል፣ እንደገና ይሄዳል። ሞላው እስኪረግብ ድረስ አይደክመውም፣ ሐሳቡም አይበተንም።

ታዲያ እዚህ ላይ እየጸለየ ያለው ማን ነው? እንጨቱ? ሰዓት ሠሪው? ወይስ ስእለቱን የተሳለው ንጉሥ? በሂማላያ ተራሮች አካባቢ የሚኖሩ ቡድሂስቶችም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ልማድ አላቸው። ጸሎት የተጻፈበትን ወረቀት በሲሊንደር ውስጥ ጠቅልለው ያሽከረክሩታል። አንዳንዱን በእጅ፣ አንዳንዱን በወንዝ ውሃ ኃይል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ ያዞሩታል። እነሱን ብትጠይቋቸው ውሃው ጸሎቱን ለፍጥረት ሁሉ ያደርሳል ይሏችኋል። በአንዱ ሃይማኖት ዘንድ ከንቱ የሚባለው በሌላው ዘንድ በረከት መሆኑን ከወዲሁ እንያዝ። ስለዚህ የማቀርበው የራሴን ሚዛን ነው፤ እናንተም የየራሳችሁን አውጡ።

አሁን ወደ ጃፓን እንለፍ። በኪዮቶ ከተማ ኮዳይጂ የሚባል የዜን ቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ አለ። የተመሠረተው በ1606 ሲሆን፣ ያሠራችው የታላቁ የጦር መሪ የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ባለቤት ነች፤ ለባሏ መታሰቢያ። ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2019፣ በዚህ ጥንታዊ ግቢ ውስጥ ሚንዳር የተባለ ሮቦት ሰባኪ ሆኖ ቀረበ። የሠሩት ሰው መሰል ሮቦቶችን በመሥራት የታወቁት የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሂሮሺ ኢሺጉሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። ወጪው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንደነበር ተዘግቧል።

ሚንዳር የቆመው በካኖን አምሳል ነው። ካኖን በቡድሂዝም የርኅራኄ ምልክት ሆና የምትከበር ናት፤ የሰውን ሥቃይ ለመስማት በልዩ ልዩ መልክ ትገለጣለች ተብሎ ይታመናል። የሮቦቱ ቁመት 195 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ነው። ፊቱ፣ እጆቹና ትከሻው የሰው ቆዳ በሚመስል ሲሊኮን ተሸፍነዋል። ቀሪው አካሉ እርቃኑን የተተወ አሉሚኒየም ነው፤ ሽቦውና መገጣጠሚያው ሁሉ ይታያል። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ልጅ ከመልኩ መለየት አይቻልም፤ ይህም ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው። በግራ ዓይኑ ውስጥ ካሜራ አለ። ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ አንገቱን ቀስ ብሎ ያዞርና ሰው ላይ ያያል፤ መዳፎቹን ያጋጥማል፤ ከዚያም ልበ ሱትራ ስለሚባለው መጽሐፋቸው ይሰብካል። የሚናገረው በጃፓንኛ ነው፤ ትርጉሙ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ግድግዳው ላይ ይበራል። ስብከቱን ያሰናዱት ሰዎች ናቸው። ሚንዳር ያንኑ ቃል በቃል ይደግማል እንጂ በቦታው አስቦ የሚጨምረው የለም።

መነኮሳቱ ይህን ለምን ፈለጉ? የጃፓን ሕዝብ እያረጀ ነው። ወጣቱ ቤተ መቅደስ የሚሄደው ለቀብርና ለሠርግ ብቻ እየሆነ መጥቷል። የቤተ መቅደሱ ኃላፊ ቴንሾ ጎቶ በወቅቱ ሲያስረዱ፣ እኔ እሞታለሁ፣ ይህ ሮቦት ግን አይሞትም፣ እያደር እውቀት እየጨመረ ይሄዳል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቡድሂዝም መንገድን መከተል እንጂ በአንድ አምላክ ማመን አይደለምና፣ መንገዱን የሚያሳየው ብረትም ሆነ ዛፍ ለውጥ የለውም ባይ ናቸው። ይህን ክርክር አቃልዬ አላየውም። ቃል የሌለው ሥዕል ሕዝብ እንደሚያስተምር እኛም እናውቃለን፤ ማንበብ የማይችሉ ስንት ትውልዶች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የተማሩት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ነው።

ይሁን እንጂ ሥዕል ኖሬበታለሁ አይልም። ሰባኪ ግን አፉን ሲከፍት ሕይወቱንም አብሮ ያቀርባል። ይህን ግምት የሚያጠናክር ጥናት ተሠርቷል። ጆሹዋ ኮንራድ ጃክሰንና ካይ ቺ ያም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በ2023 በታተመ ጥናታቸው፣ ራሱን የኮዳይጂን ቤተ መቅደስ የጎበኙ ሰዎችን ጠይቀዋል። ሚንዳርን የሰሙት ሰዎች ሮቦቱን ከሰው ሰባኪ ያነሰ ታማኝነት ሰጡት፤ ለቤተ መቅደሱ የሰጡት ገንዘብም አነሰ። በሲንጋፖር በአንድ የታኦ ቤተ መቅደስ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ ያንኑ አቅጣጫ ያዘ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ ሰው የሰባኪውን ቃል የሚያምነው ሰባኪው ለእምነቱ የከፈለውን ዋጋ አይቶ ነው ይላሉ። ሮቦት ብልጥ ይሁን አንደበተ ርቱዕ፣ ለእምነቱ ብሎ የተወው ነገር የለም።

እስቲ ይህን ወደ ራሳችን አምጥተን እንየው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። አምስቱም ከዋዜማው ጀምረው እህል ውሃ ሳይቀምሱ ነው መቅደስ የሚገቡት። ቅዳሴው በድምፅ ተቀርጾ በስልክ፣ በሬዲዮ፣ በኢንተርኔት ይሰማል፤ ከሀገር ርቆ በጀርመን ወይም በቤይሩት ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ሆኖም ቴፑ ቀደሰ የሚል ሰው አልገጠመኝም። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ተራዊሕ የተባለውን የሌሊት ሶላት የሚያሰግደው ኢማም ራሱ ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ነው። ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ይህን ያውቃል፤ የሚከተለውም ይህን እያወቀ ነው።

ጃፓን ውስጥ አንድ ሌላ ሙከራም ነበር፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2017 በቶኪዮ በተካሄደ የቀብር አገልግሎት ኤግዚቢሽን ላይ ፔፐር የተባለው ነጭ ሮቦት የመነኩሴ ልብስ ለብሶ፣ ከበሮ እየመታ የፍትሐት ጸሎት ሲያነብ ታየ። ዋጋው 50,000 የን ተባለ፤ የሰው መነኩሴ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስከፍል ነበር። ድሃ ቤተሰብ ሙቱን ያለ ጸሎት እንዳይቀብር የሚል አሳብ ከጀርባው ሊኖር እንደሚችል እረዳለሁ። እኔ ግን መፍትሔው የመነኩሴውን ዋጋ ለድሃው ማቅለል ይመስለኛል። ሀዘንተኛ ደጁ ላይ የሚፈልገው ሰው ነው።

ጽሑፍስ? ጽሑፍን ማሽን ቢጽፈው ምን ይጎድለዋል? በ2014 በርሊን በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም፣ ሮቦትላብ የተባለ የአርቲስቶች ቡድን አንድ የፋብሪካ ሮቦት ክንድ አምጥቶ ብዕርና ቀለም አስያዘው። ክንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በዕብራይስጥ ፊደል፣ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት ይጽፍ ጀመር። ወረቀቱ 80 ሜትር ርዝመት ነበረው። በቶራ ጥቅልል ውስጥ 304,805 ፊደላት አሉ፤ አንዷ ከጎደለች ጥቅልሉ ለንባብ አይበቃም። የሮቦቱ ፊደል እንደ ሰው ጸሐፊ ፊደል ያማረ ነበር፤ ስሕተትም አያውቀውም፤ ሰው በዓመት ገደማ የሚጨርሰውን በሦስት ወር ይጨርሳል። ያም ሆኖ ያ ጥቅልል በምኩራብ ሊነበብ አይችልም። ሕጉ ከተፈቀደ እንስሳ የተሠራ ብራና ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ጸሐፊው የእግዚአብሔርን ስም ከመጻፉ በፊት ለዚህ ቅዱስ ስም ብዬ እጽፋለሁ ብሎ በአፉ መናገር፣ በልቡም ማሰብ አለበት። ቀለሙና ብራናው ለሮቦቱ ሊገዛለት ይችላል። ያቺን አንዲት አሳብ ግን ከየት ያመጣታል? አይሁዳውያን መምህራን ይህን ከሮቦት ብዙ ዘመን በፊት በሕግ ማስቀመጣቸው ያስደንቀኛል።

እነዚሁ መምህራን ግን ማሽንን ጨርሰው አልከለከሉም፤ እንዲያውም በአንድ ጉዳይ ላይ እንደነሱ ያሰበበት የለም። በሰንበት እሳት ማንደድ በኦሪት የተከለከለ ነው። በእነሱ ትውፊት የተከለከሉት የሥራ ዓይነቶች 39 ናቸው፤ መብራት ማብራትና የሊፍት ቁልፍ መጫንም በዚህ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ መብራቱ ዓርብ በሰዓት መቆጣጠሪያ ይሞላል፤ ሰንበት ላይ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል። የሰንበት ሊፍት የሚባለው ደግሞ ማንም ሳይነካው በየፎቁ ቆሞ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይቀጥላል። እስራኤል ውስጥ በ2001 በወጣ ሕግ፣ ከአንድ በላይ ሊፍት ያላቸው አዳዲስ ሕንፃዎች አንዱን በዚህ መልክ እንዲያዘጋጁ ተደንግጓል። ጾሜት የተባለው ተቋም ሥራው ይኸው ነው፤ ሐኪሙ፣ ወታደሩ፣ አካል ጉዳተኛው ሰንበትን ሳይሽር እንዲሠራና እንዲንቀሳቀስ የሚያስችሉ መሣሪያዎችን ይቀይሳል። በእርግጥ ሁሉም አልተስማሙም፤ በ2009 ስመ ጥር የሆኑ ጥብቅ ራቢዎች የሰንበት ሊፍትን ተቃውመው ብይን አውጥተዋል።

ከእኛው አገር ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል ይህን ሁሉ ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች ሳሉ ሰንበትን ይጠብቁ የነበረው በሌላ መንገድ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ምግቡ አስቀድሞ ይበሰላል፣ ሰንበት ላይ ቀዝቅዞ ይበላል። ሌሊቱ በጨለማ ያልፋል። የሰለሞን ዘመቻ የተባለው የአየር ጉዞ ግንቦት 24 ቀን 1991 ዓርብ ተጀምሮ ቅዳሜ ተጠናቀቀ፤ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጓዙ፤ በረራው ሰንበት ላይም አልተቋረጠም። ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይቀድማልና ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የጠበቃቸው መብራቱ በራሱ የሚበራበት፣ ወጡ በምድጃ ላይ ሞቆ የሚያድርበት ሰንበት ነው። እሳቱን ያጠፋችውም እናት፣ ሰዓቱን የሞላችውም እናት የምትጠብቀው ያንኑ ትእዛዝ ነው። ለእኔ የሰንበት ሊፍት ከስፔኑ መነኩሴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ማንንም ተክቶ አይጸልይም፤ አቅመ ደካማዋ አያት ምኩራብ ደርሳ ራሷ እንድትጸልይ ያደርጋል።

በህንድ ደግሞ ማሽን የተካው እንስሳን ነው፤ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። በኬራላ ግዛት የቤተ መቅደስ በዓል ያለ ዝሆን አይታሰብም። ዝሆኑ በወርቃማ ሽልማት አጊጦ፣ ጣዖቱን ተሸክሞ፣ በከበሮና በርችት መካከል ለሰዓታት ይቆማል። ከጀርባው ግን ሰንሰለትና ስለት ያለው መንጠቆ አለ፤ ደንብሮ ሰው የገደለ ዝሆንም ብዙ ነው። በ2023 በትሪሹር አውራጃ የሚገኘው የኢሪንጃዳፒሊ የስሪ ክሪሽና ቤተ መቅደስ ሕያው ዝሆን ላለመጠቀም ወሰነ፤ ፔታ ኢንዲያ የተባለው የእንስሳት መብት ድርጅትም ሮቦት ዝሆን ሰጠው። ዝሆኑ ከብረትና ከጎማ የተሠራ ነው፤ ቁመቱ ከ3 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 800 ኪሎ። በአምስት ሞተሮች ጆሮውን ያርገበግባል፣ ጅራቱን ይወዘውዛል፣ ኩምቢውን ያነሣል። ካህናቱ እንደ ወትሮው ይጸልያሉ፣ ሕዝቡ እንደ ወትሮው ያከብራል። የጠፋው ሰንሰለቱ ብቻ ነው። እምነት ማሽንን እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በመካም እንዲሁ ሮቦት ገብቷል። በታላቁ መስጊድ በ2021 የዘምዘም ውሃ ጠርሙስ የሚያድሉ ሮቦቶች ተሰማሩ፤ በ2022 ደግሞ ስለ ሥርዓቱ ለሚጠይቁ ሑጃጆች በ11 ቋንቋ መልስ የሚሰጥ ሮቦት ቀረበ። ልብ ልትሉት የሚገባው ነገር፣ ሮቦቱ ጠያቂውን በቪዲዮ ከሕያው ዓሊም ጋር ማገናኘቱ ነው። ብይኑን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ማሽኑ አገናኝ ነው። ከ11ዱ ቋንቋዎች መካከል ከአፍሪካ ሐውሳ አለበት፤ አማርኛ ግን በዚያን ጊዜ በተገለጸው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የዐረፋ ቀን ስብከት (ኹጥባ) በቅርብ ዓመታት በአማርኛም እየተተረጎመ ስለሚተላለፍ፣ ሮቦቱም አንድ ቀን አማርኛ እንዲናገር ተስፋ አደርጋለሁ። አንዲት የወሎ እናት በዚያ ሕዝብ መካከል መንገድ ጠፍቷት በቋንቋዋ መልስ ብታገኝ ትልቅ ነገር ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ በቅርቡ የሆነ ነው። በ2024 አንድ የአሜሪካ ካቶሊክ ድርጅት ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ አባ ጀስቲን የተባለ የኮምፒውተር ቄስ አወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን እውነተኛ ካህን ነኝ ሲል፣ ኃጢአትም ሲፈታ ተገኘ። ድርጅቱ ፈጥኖ ክህነቱን ነሣውና እንደ ተራ ምእመን ልብስ አልብሶ አስቀረው። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ፣ በሉሰርን ከተማ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ሙከራ አደረገች። በንስሐ መናዘዣው ሣጥን ውስጥ፣ ካህኑ በሚቀመጥበት በኩል፣ በኢየሱስ ምስል የሚናገር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስክሪን ተተከለ። በመቶ ገደማ ቋንቋዎች ይመልሳል። ሰዎች የግል ምስጢራቸውን እንዳይነግሩት አስቀድሞ ማሳሰቢያ ተሰጥቷል፤ ይህም ንስሐ እንዳልሆነ ተገልጿል። እንደዚያም ሆኖ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገብተው አነጋገሩት፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት፣ ስለ ብቸኝነት ጠየቁት።

ሙከራው ሲያበቃ ስክሪኑ ተነሣ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆኑት የሥነ መለኮት ሊቅ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በቋሚነት መትከል ኃላፊነቱ እጅግ ከባድ ነው ብለዋል። ፍርዳቸው ትክክል ነው እላለሁ። ምክንያቱም የተሳሳተ ምክር ሲሰጥ የሚጠየቅ አካል ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ የንስሐ አባት የቤተሰቡን ስም ያውቃል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ሰው ሲሞት ፍትሐት ያደርሳል። ቢሳሳት ሽማግሌ ይላክበታል፣ ቢያስፈልግም ጉዳዩ ለቤተ ክህነት ይቀርባል። ስክሪኑን ማን ይከሰዋል?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ስለ ጾም፣ ስለ ኒካሕ፣ ስለ ሕልም ትጠይቃላችሁ፤ መልሱም በሚያምር አማርኛ ይመጣላችኋል። መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደሚገኝ ጠይቁት፤ ቦታውን ከጠቀሰ መጽሐፉን ገልጣችሁ አመሳክሩ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ፣ ወደ ኢማማችሁ ወይም ወደ መጋቢያችሁ ሂዱና በፊታቸው አንብቡት።